ላሲክስና ሽንት

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ላሲክስ የሚባል ነገር አልነበረም። ልቡ ደክሞ ሰውነቱ ላበጠ ሰው በዓለም የታወቀው ብርቱ መድኃኒት ሜርኩሪ ያለበት መርፌ ነበር፤ ሽንት ያስወጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

ላሲክስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጣ። በቀጣዩ አሥር ዓመት ተመራማሪዎች በደምም በሽንትም ለኩት። በፕሮቤኔሲድ የኩላሊቱን በር ሲያጠቡበት ደም ውስጥ በዛ፤ የሚወጣው ሽንት ግን የተከተለው ሽንት ውስጥ የደረሰውን መድኃኒት ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ላሲክስ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር በኩላሊት ወንፊት እምብዛም አያልፍም፤ ስበው ሽንት ውስጥ የሚጨምሩት ቱቦዎቹ ናቸው። ኩላሊት ሲደክም ይህ በር ይጠባል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ደባርቅም ሁኑ ዳባት፣ «መድኃኒቱ እምቢ አለ» ከማለታችሁ በፊት ሕመምተኛውን መዝኑ፣ ሽንቱን ለኩ። መጠኑ ቦታው አልደረሰ ይሆናል።