ውኃው ሞልቷል፤ ቦዩስ?

ጋምቤላ ከዓለም ጋር የምትገናኘው ወንዟ ሲሞላ ብቻ የነበረበት ዘመን ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚነሳው የእንፋሎት ጀልባ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ ይመጣል፤ ጨውና ጨርቁን አራግፎ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ግን በክረምት ነው። በጋ ገብቶ ባሮ ሲጎድል ጀልባው ይቀራል፤ ነጋዴውም የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የጀልባውም ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሲሞላ የሚመጣ፣ ሲጎድል የሚቀር ነገር ግን ከአገሩ የጠፋ አይመስለኝም። ዛሬ በጀልባው ፋንታ ኔትወርክ ሆኗል።

ይህን የድሮ ታሪክ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በአቦቦ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። የአኙዋ ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ወይም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይ ወይም ከከምባታ በሠፈራ የመጡ ሰዎች የልጅ ልጅ። አቦቦ ሁሉንም አስጠግታለች። ይህች ልጅ የኮምፒውተር ሳይንስ መማር ትፈልጋለች እንበል። ትምህርቱ በኢንተርኔት በነጻ እንደሚገኝ ሰምታለች። በእጇ ያለው አንድ የቤተሰብ ስልክ ነው። ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ተቀምጣ፣ የመጨረሻውን ፈተና ፊት ለፊቷ አድርጋ፣ ይህን ትምህርት ትዘልቀዋለች?

መልሱን ከመገመት በፊት የሩቅ አስተማሪ ወደ አገራችን ተማሪ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ማስታወስ ይበጃል።

ቀድሞ የመጣው ራዲዮ ነው። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት በአየር ሞገድ ይሰጥ ነበር። ራዲዮ ርካሽ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ መንገድ ጥረጉልኝ አይልም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። እንዲህም ሆኖ ራዲዮን ጊዜ ያለፈበት ነገር አድርገን የምንቆጥር ሰዎች በ2012 ዓ.ም. አፍረናል። ኮሮና ገብቶ በመጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ኢንተርኔት ላልደረሰው የገጠር ልጅ ተስፋ የተጣለው በዚያው በአሮጌው ራዲዮ ላይ ነበር።

በመካከሉ የቋንቋ ጉዳይ አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። ታላቅ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን አኙዋና ኑዌር ከ15ቱ መካከል አልነበሩም። የአቦቦ ሰው ፊደል ለመቁጠር በቅድሚያ የሌላውን ቋንቋ ማወቅ ነበረበት። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ አኙዋ፣ ኑዌርና መዠንግር በጋምቤላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደረስ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጃችን የኮምፒውተሩን ትምህርት ስትከፍት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትማራለች፤ አንዱ ኮምፒውተር፣ ሌላው የአስተማሪው እንግሊዝኛ።

ሁለተኛው የሩቅ አስተማሪ ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነበር። እኔም ከዚያ ትውልድ ነኝ። መምህራችን ቴሌቪዥኑን ከፍተው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። በመስኮቱ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንዶች ትጠብቃለች፤ እኛ ጥያቄውን ገና ለመረዳት ስንታገል እርሷ "በጣም ጥሩ!" ብላን ታልፋለች። ያልመለስነው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳስመሰገነን አላስታውስም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው፤ ሳተላይት ቆሞ አይጠብቅም። ከሁሉ የከፋው ግን መምህሩን በገዛ ክፍሉ እንግዳ ማድረጉ ነበር። ማሽኑ የመጣው መምህሩን ሊያግዝ ነው ተባለ፤ በተግባር ግን መምህሩ የማሽኑ አብሪና አጥፊ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው እነሆ ኢንተርኔት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱ የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ከጥቂት ቢሮዎችና ከከተማ ኢንተርኔት ቤቶች የወጣ አልነበረም። ስልክ በየኪሱ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት ኮዲንግ ለማስተማር መርሐ ግብር ከፈተ። የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ በነጻ ይሰጣል፤ ለጨረሰ ምስክር ወረቀት አለው። በሩ ተከፍቷል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ደግሞም ይህ አስተማሪ ከሁለቱ የሚለይበት ነገር አለ። ይመልሳል። ልጃችን ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ጻፈች እንበል። ሁለት ነጥብ ከረሳች ማሽኑ ወዲያው ይነግራታል፤ ስሕተቱ በየትኛው መስመር እንዳለ ሳይቀር ያሳያታል። አይቆጣም፤ አይሰለችም። በታሪክ ወይም በባዮሎጂ ይህ የለም፤ የቤት ሥራውን ራሱ የሚያርም ትምህርት የኮምፒውተር ትምህርት ነው። ለሩቅ ተማሪ ከዚህ የሚስማማ ምን አለ?

ነገር ግን ትንሽ እንቆይ። ልጅቱ "ከ1 እስከ 100" ብላ ቁጥሮቹን እንዳሉ ጻፈች። በፓይተን ልማድ የመጨረሻው ቁጥር አይቆጠርም፤ ስለዚህ ማሽኑ የሚደምረው እስከ 99 ነው። መልሱ 5050 መሆን ሲገባው 4950 ይወጣል። አሁን ማሽኑ ዝም ይላል። ለእርሱ ስሕተት የለም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። እዚህ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ "እስቲ ቁጥሩን አሳንሺው፤ ከ1 እስከ 3 ደምሪና በእጅሽ አመሳክሪው" የሚላት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ስልኩን ትዘጋለች፤ "ይህ ለእኔ አይሆንም" ትላለች። ብዙ ተሰጥኦ በየመንደሩ የሚቀበረው በእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ነው።

ይህን ጉዳይ በሙያው የተካኑትም ያውቁታል። እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ጄላኒ ኔልሰን በ2003 ዓ.ም. ክረምት "አዲስ ኮደር" የተባለውን ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲጀምሩ ኮምፒውተር ጭነው በኢንተርኔት ተማሩ አላሉም። ተማሪዎቹን ለጥቂት ሳምንታት አንድ ቦታ ሰበሰቡ፤ መምህርና ረዳት አጠገባቸው አስቀመጡ። ኢንተርኔትን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ሰውን ከሰው ጎን ማስቀመጥ መምረጡ ሊያስተምረን ይገባል።

የፈተናውም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። የኮምፒውተር ሳይንስ ከፈተናው ትምህርቶች አንዱ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊሉ ተማሪ የሚፈተነው በኮምፒውተር መሆኑ ግን ነገሩን ያስገርማል፤ ልጅቱ በማሽኑ ትፈተናለች እንጂ ስለ ማሽኑ አትጠየቅም። እንግዲህ ማታ ማታ ፕሮግራም የምትጽፍበት ሰዓት ከፊዚክሷ የተቀነሰ ሰዓት ነው። "ይህ ምን ያደርግልሻል?" የምትላት እናት አልተሳሳተችም። የልጅቱም ጉጉት አላጠፋም። ጥፋቱ ሁለቱን አንድ ሰዓት እንዲሻሙ ያደረገው አሠራር ነው።

አቦቦ አጠገብ የአልዌሮ ግድብ አለ። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የተጀመረ ሥራ ነው፤ ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ እንዲያለማም ታስቦ ነበር። ግድቡ አለቀ፤ ውኃውም ሞላ። ነገር ግን ውኃውን ወደ ማሳ የሚወስደው ቦይ ባለመሠራቱ ለብዙ ዓመታት እዚያው ተኝቶ ቆየ። ገበሬው ግድቡን እያየ ዝናብ ይጠብቅ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ዕውቀት እንደዚያ ግድብ ነው። የጎደለው ቦዩ ነው። ቦዩም ከግድቡ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትምህርቱ አስቀድሞ የተጫነባቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ከፀሐይ የሚገኝ መብራት፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ክፍሉን የሚከፍት አንድ መምህር። ይህ መምህር ሊቅ መሆን የለበትም። ለፕላዝማ እንዳደረግነው ጥግ አናቁመው እንጂ፣ 4950 ሲወጣ አብሮ ግራ ተጋብቶ አብሮ የሚፈልግ ከሆነ ይበቃል።