ያልተከፈተው ቅርንጫፍ፦ የሊኑክስ ከርነል የዕትም አወጣጥ ታሪክ

አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለተጠቃሚ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሻሙበታል። አንደኛው በእጁ የገባው ነገር ሳይናወጥ እንዲሠራለት የሚፈልገው ተጠቃሚ ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ነገር ለመጨመር የሚቸኩለው ሠሪ ነው። ሁለቱን በአንድ ኮድ ላይ ማስማማት አስቸጋሪ ስለሆነ የሙያው ሰዎች ኮዱን ከአንድ ግንድ በሚወጡ ቅርንጫፎች ከፍሎ መሥራትን ለመዱ። ቅርንጫፍ ማውጣቱ ቀላል ነው። የሚከብደው የተለያዩትን መልሶ ማገናኘት፣ ይልቁንም አሮጌውን ቅርንጫፍ ማን፣ እስከ መቼና በማን ድካም እንደሚጠብቀው መወሰን ነው። ይህን ጥያቄ የሊኑክስ ከርነል ታሪክ በግልጽ ያሳያል፤ የሚያዝበት አንድ መሥሪያ ቤት ስላልነበረ ክርክሩም ውሳኔውም በአደባባይ ተደርጓልና።

በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ሊኑስ ቶርቫልድስ ሥራቸውን በይፋ ያስታወቁት በኦገስት 1991 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በማርች 1994 ዕትም 1.0 ሲወጣ ኮዱ 176,250 መስመር ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ በቁጥር ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ተተከለ። ከመጀመሪያው ነጥብ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር እንደ 1.2፣ 2.0ና 2.2 ተጋማሽ ከሆነ ዕትሙ ለተጠቃሚ የተዘጋጀ፣ የረጋ ቅርንጫፍ ነው፤ እንደ 1.3ና 2.1 ኢተጋማሽ ከሆነ ግን የሙከራ ቅርንጫፍ ነው። ተጠቃሚው ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልገው ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚሻለውን ይመርጥ ነበር።

ሥርዓቱ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በሁለቱ ቅርንጫፎች መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ሄደ። ከ1.2 እስከ 2.0 የወሰደው 15 ወር ያህል ሲሆን፣ ከ2.0 እስከ 2.2 ግን ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። 2.4 የወጣው በጃንዋሪ 2001፣ ተከታዩ 2.6 ደግሞ በዲሴምበር 2003 ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ የቁጥሩ ሥርዓት ከሁለት ወገን ተፈተነ።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከራሱ ከረጋው ቅርንጫፍ ነው። 2.4 በወጣ ጊዜ የሜሞሪን ቦታ ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ክፍል ሥራ ሲበዛበት ይንገዳገድ ነበር። የሙከራው ቅርንጫፍ 2.5 እስከ ኖቬምበር 2001 ድረስ ስላልተከፈተ ለትልልቅ ለውጦች የተለየ ቦታ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2001 ቶርቫልድስ በዕትም 2.4.10 የሪክ ቫን ሪል ሥራ የነበረውን የሜሞሪ አመዳደብ አንሥተው በአንድሪያ አርካንጀሊ ሥራ ተኩት። ይህም የቤቱን መሠረት ሰው ተቀምጦበት ሳለ እንደ መለወጥ ያለ ነበር። የራሳቸውን የከርነል ቅጂ ያወጡ የነበሩት አለን ኮክስ ግን የፊተኛውን አመዳደብ ለጊዜው ይዘው ቆዩ። ስለሆነም 2.4 በሚለው በአንድ ቁጥር ሥር፣ እጅግ አስፈላጊ በሆነ ክፍላቸው የማይመሳሰሉ ሁለት ኮዶች ለሕዝብ ይሰጡ ነበር። ተጋማሹ ቁጥር የመርጋት ዋስትና መሆኑ የቀረው ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የ2.4 ጥበቃ ለ18 ዓመቱ ብራዚላዊ ወጣት ለማርሴሎ ቶሳቲ ተላለፈ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከአከፋፋዮች ነው። የድርጅት ደንበኛ አዲስ መሣሪያ ገዝቶ 2.6 እስኪወጣ አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት አከፋፋዮቹ ከ2.5 የሚፈልጉትን እየቀነጠሱ በ2.4 ላይ ይተክሉ ጀመር። ሬድ ሃት በ2003 ያወጣው የድርጅቶች ዕትም 3 በስሙ የ2.4.21 ከርነል ነበር፤ ሆኖም አንድ ፕሮግራም ብዙ ሥራዎችን ጎን ለጎን እንዲያካሂድ የሚያስችለው አዲሱ አሠራር ከ2.5 ተወስዶ ገብቶበታል። አከፋፋዮቹ ይህን በማድረጋቸው ሊወቀሱ አይገባም። ደንበኛ የማይጠብቀውን ሦስት ዓመት ጠብቅ ያለው ሥርዓቱ ነበር። ውጤቱ ግን እያንዳንዱ አከፋፋይ የብቻው ቅርንጫፍ እንዲኖረው አደረገ፤ በአንዱ ዘንድ የተገኘ ስሕተት በሌላው ዘንድ መኖሩን ለማወቅ እንደገና መመርመር ያስፈልግ ነበር።

መፍትሔው ላይ የተደረሰው በጁላይ 2004 ነው። ዋና ዋናዎቹ ሠሪዎች በኦታዋ ተሰብስበው ሲመክሩ 2.7 የሚባል የሙከራ ቅርንጫፍ እንዳይከፈት፣ አዲሱም ሥራ በ2.6 ላይ እንዲቀጥል ተስማሙ። አንድሩ ሞርተን ይጠብቁት በነበረው የተለየ ቅጂ ለውጦቹ አስቀድመው እየተፈተኑ ወደ ግንዱ እንዲገቡ ሆነ። ውሳኔው በብዙዎች ዘንድ ሥጋት ፈጠረ፤ የረጋ ቅርንጫፍ ከሌለ ተራው ተጠቃሚ በምን ይተማመናል? መልሱ የመጣው በማርች 2005 ነው። ግሬግ ክሮህ ሃርትማንና ክሪስ ራይት ለወጣው ዕትም ማረሚያ ብቻ የሚያስገቡበትን አነስተኛ ቅርንጫፍ 2.6.11.1 ብለው ጀመሩ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ማረሚያው በዙሪያው ካለው ኮድ ጋር ተቆጥሮ ከ100 መስመር እንዳይበልጥ፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲያርም፣ ሰውን በእውነት የሚያስቸግር ስሕተት እንዲሆን ያዛል። ኋላም ማረሚያው አስቀድሞ በግንዱ ላይ መግባት እንዳለበት ተደነገገ። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ከሁሉ ይልቃል፤ በአሮጌው ታርሞ በአዲሱ የሚረሳ ስሕተት እንዳይኖር ያደርጋልና።

ፈጣን አካሄድ ግን ያለ መሣሪያ አይቻልም ነበር። እስከ 2002 መግቢያ ድረስ ቶርቫልድስ ለውጦችን ከሚላኩላቸው ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ያስገቡ ስለነበር የሚጠፋው ሥራ ብዙ ነበር። ከፌብሩዋሪ 2002 ጀምሮ በቢትኪፐር ሠሩ፤ በኤፕሪል 2005 ባለመብቱ ኩባንያ ነጻ ፈቃዱን ሲያነሣ ጊትን ራሳቸው ጀመሩ። ያን ጊዜ የተለመደው ሲቪኤስ ቅርንጫፍ ያወጣል እንጂ የትኛው ሥራ ከየት ጋር እንደተዋሐደ አይመዘግብም ነበር። ጊት ግን የውሕደቱን ሁለት ወላጆች ስለሚይዝ ሁለቱ መንገዶች የተለያዩበትን ቦታ መሣሪያው ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ዕትም 2.6.12 በጁን 2005 በጊት ተሠርቶ ወጣ። ከዚያም ሁለት ሳምንት አዲስ ነገር የሚገባበት፣ ቀሪው ጊዜ ማረም ብቻ የሚፈቀድበት ሥርዓት ተተከለ፤ በዚህም አዲስ ዕትም በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ መውጣት ተለመደ። ጊዜው ያለፈበት ለውጥ የሚጠብቀው ሦስት ዓመት ሳይሆን ሁለት ወር ያህል ስለሆነ ያልበሰለውን ለማስገባት የሚገፋፋው ምክንያት ቀነሰ።

ይሁን እንጂ አሮጌውን የመጠበቁ ሸክም አልጠፋም፤ ትከሻ ለወጠ እንጂ። በዲሴምበር 2009 የወጣውን 2.6.32 ዴቢያንና ሬድ ሃትን የመሳሰሉ አከፋፋዮች ለየራሳቸው ዕትም መሠረት ስላደረጉት ለረዥም ጊዜ የሚጠበቅ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹንም ዓመታት ዊሊ ታሮ ይዘውት እስከ ማርች 2016 ቆየ። የዚህ ዓይነት ዕትሞች የሚጠበቁበት ጊዜ 2 ዓመት ሲሆን፣ በ2017 ለስልክ ሠሪዎች ሲባል ለአንዳንዶቹ ወደ 6 ዓመት ከፍ አለ። አዲሱ ኮድ በየጊዜው ስለሚለወጥ የዛሬን ማረሚያ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መልሶ መግጠም እንደ አዲስ መጻፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን ሁሉ ይሸከሙ የነበሩት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። በ2023 የጥበቃው ዘመን ወደ 2 ዓመት እንዲመለስ መታሰቡ ሲገለጽ የተሰጠው ምክንያት፣ እነዚያን አሮጌ ዕትሞች በእርግጥ የሚጠቀምባቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነበር።