ካፋን ያልረገጠው ብሩስ በደቡብ ምዕራብ መጻሕፍት

ብሩስ የሚለው የቤተሰብ ስም በስኮትላንድ ታሪክ በ1306 ከነገሠው ከሮበርት ብሩስ ጋር ተያይዞ ሲታወቅ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ግን በ1769 ምጽዋ የደረሰውና በዓመቱ ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ነው (ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ያደረገው ጉዞ ትረካ በ1790 በኤድንብራ በ5 ጥራዞች ከታተመ በኋላ፣ አሌክሳንደር መሪ ሁለተኛውን እትም በ1805 አሰናዳ፤ የብሩስን ሕይወት የሚተርኩ መጻሕፍትም ከፍራንሲስ ሄድ የ1830 ሥራ እስከ ማይልስ ብሬዲን የ2000 መጽሐፍ ድረስ ተከታትለው ወጡ። የጉዞው ማዕከል ጎንደርና ግሽ ዓባይ በመሆናቸው በእነዚህ ሥራዎች ደቡብ ምዕራቡ ከዳር የሚታይ አገር ነው።

ብሩስ ካፋንም ሆነ ዛሬ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙበትን ምድር አላየም፤ ስለዚያ ወገን የጻፈው በሰሜን ሳለ የሰማውን ነው። ያም ሆኖ ቡና ከካፋ እስከ ዓባይ ዳር ሳይተከል በብዛት የሚበቅል የአገሩ ዛፍ መሆኑን መመዝገቡ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ካርል ሊኒየስ በ1753 ለዚሁ ተክል የሰጠው የሳይንስ መጠሪያ ዓረብን እንጂ ኢትዮጵያን አይጠቅስም። ኦሮሞዎች በዘመቻ ጊዜ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው፣ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚጓዙና አንዷ ድብልብል ቀኑን ሙሉ ጉልበት እንደምትሰጥ የጻፈውም እስከ ዛሬ የቡና ታሪክ ጸሐፊዎች የሚቀባበሉት ነው። ቡናን ከቅቤ ጋር ማዘጋጀት ለኦሮሞ ባህል እንግዳ ስላልሆነ፣ ወሬው ከነግነቱም ቢሆን መሠረት ያለው ይመስላል።

ስለ እንሰት የጻፈው ግን ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአምስተኛው ጥራዝ ተክሉ በደቡብ ምዕራብ የነበረችው የእናርያ ግዛት ረግረግ ተወላጅ እንደሆነና ቡናንም እንሰትንም ወደ ሰሜን ያመጡት ኦሮሞዎች እንደሆኑ የሚነገረውን አስፍሯል። የዱር እንሰት በደቡብ ምዕራብ ደኖች እርጥብ ሸለቆዎች ውስጥ ስለሚበቅል ወሬው ከእውነት ፈጽሞ አልራቀም፤ ይሁን እንጂ የካፋ፣ የሸካና የቤንች ገበሬ ለቆጮ የሚያለማው እንሰት ውሃ የሚቋጥር መሬት የማይስማማው፣ በየቤቱ ጓሮ በፍግ የሚያድግ ተክል ነው። ብሩስ የዱሩንና የጓሮውን ባለመለየቱ፣ የትውልዶች የግብርና ጥበብ ረግረግ በራሱ የሰጠው ሀብት መስሎ ቀረበ።

የቤተሰብ ስሙ በዘመናችን መጻሕፍት በብዛት የሚገኘው ግን በሌላ መንገድ ነው። ብሩስ የሥሩን ቅርፊት ደም ለቀላቀለ ተቅማጥ መድኃኒትነት ያስተዋወቀው ዋጊኖስ፣ በዕፅዋት አሰያየም ሥርዓት ብሩሴያ አንቲዲሰንተሪካ ይባላል፤ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎችን ቡድን የሚያመለክት ሲሆን ከብሩስ ስም የተወሰደ ነው። ተክሉ በካፋ እርጥብ የደጋ ደኖችም ስለሚገኝ፣ ከ1989 እስከ 2009 በ8 ጥራዞች የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብም ሆነ በ2010 በዩኔስኮ ስለተመዘገበው የካፋ ብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ የሚጻፍ የዕፅዋት ዝርዝር ይህን የስኮትላንድ ስም ይዞ ይገኛል። ሁለተኛው ቃል ደግሞ የሚጠራው ሕመሙን በመሆኑ፣ ከስያሜው ግማሹ ብሩስ ከአገሬው ሰዎች የተማረው የመድኃኒት እውቀት ነው።