ስሙ ማልያ ላይ፣ ራሱ ገደል ላይ፦ ዋልያና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ

ዋልያን በስም የማያውቅ የለም። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ነው፣ ቢራ እንኳን በስሙ ወጥቶለታል። በዓይኑ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ጎንደር ተወልዶ አድጎ ደባርቅን ያላለፈ ስንት ወጣት አለ! ከጎንደር ደባርቅ እኮ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ሌላ አገር የለም፤ ቢጠፋ ከዚያ አምጥተን እንተካዋለን የምንልበት የውጭ አራዊት ማቆያም የለም። ያለው እዚሁ ገደል ላይ ነው፣ በቃ።

ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚታያችሁ ካላችሁ፣ ለእሱ ወደ ከፋና ሸካ መውረድ ይሻላል። ሰሜን ሌላ ነው። ከታች አስታ፣ ከፍ ሲባል ጓሳና ጅብራ፣ ሌሊት ውኃ የሚያረጋ ብርድ። በሰሜን በኩል ሜዳው ድንገት ይቆረጥና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ይመጣል። የዋልያ ቤት ይሄ ገደል ነው። አውራው ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ የሚችል ቀንድ አለው፤ ሰው ቆሞ ማየት የሚፈራበትን ጠርዝ ሲሮጥበት ይውላል። እንስቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። ለዚህም ነው ቁጥሩ አንዴ ከወረደ ቶሎ የማይመለሰው።

ታሪኩ አጭር ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። በምሥረታው ጊዜ ዋርደን ሆኖ የሠራው በዌልስ የተወለደው ክላይቭ ኒኮል፣ በኋላ ጃፓን ኖሮ የጃፓን ዜግነት የወሰደ ደራሲ ሆኗል። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ ሰሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። ከጋላፓጎስና ከየሎውስቶን እኩል ማለት ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1980ዎቹ አካባቢው የውጊያ ቀጠና ሆነ፣ ጥበቃው ፈረሰ፣ ካምፖቹ ወደሙ። የዋልያው ቁጥር ከ400 ገደማ ወደ 250 ገደማ ወርዷል ተብሎ በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚህ መዝገብ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀ። ወሰኑ እንደገና ተከለለ፤ ወደ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ ስልኪንና ቅዱስ ያሬድን ጨምሮ ወደ 412 ሰፋ። ፓርኩን አቋርጦ ለሚያልፈው መኪና አማራጭ መንገድ መፈለግ፣ ግጦሽ መቀነስም ነበረበት።

ከሁሉም ከባዱ የግጭ ጉዳይ ነው። ግጭ ፓርኩ መሐል፣ ገብስ እያረሰና ከብት እያረባ ለብዙ ትውልድ የኖረ መንደር ነበር። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተነሱ። ሜዳው አገገመ፣ ሣሩ ተመለሰ። ገበሬው ግን ከተማ ገብቶ ምን ይሥራ? ካሳ ያልቃል፣ መሬት አያልቅም ነበር። ስለ ፓርኩ ስኬት ሲወራ ይህን ዘሎ ማለፍ ለእኛ ትክክል አይመስለንም።

በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያም በዚያን ሰሞን ከ800 አልፎ ነበር። ደስታው ግን አልቆየም። በ2019 ጓሳውና አስታው በእሳት ተያያዘ፤ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠል ሲታገል ሰንብቶ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ቀጥሎ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት። በቅርብ ዓመታት ቆጠራ ዋልያ ወደ 300 ገደማ ወርዷል።

ለምን? ጎብኚ ሲቀር ገቢ ይቀራል። አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበው ስካውት፣ ሁሉም የሚበላው ከጎብኚ ነው። ዋልያ በሕይወት እያለ እንጀራ ካላመጣ፣ ሥጋው ማማለሉ አይቀርም። መሣሪያ በበዛበት፣ ጥበቃ እንደ ልብ መንቀሳቀስ በማይችልበት ጊዜ ደግሞ ሕገ ወጥ አደን ይቀላል።

ተስፋ የለውም ማለት ግን አይደለም። የአውሮፓው ዘመዱ፣ የአልፕስ ተራሮች አይቤክስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ አንድ ተራራ ላይ ወደ መቶ ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዛሬ በአስር ሺዎች ይቆጠራል። የቀረው መንጋ ስለተጠበቀ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ተራሮች ስለተወሰደ ነው የተረፈው።

ዋልያ ብቻውንም አይደለም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፣ ጥቂቱ እዚህ አለ። ዋና ጠላቱ ጥይት ሳይሆን ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ውሻ መከተብ ቀበሮ ማዳን ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ደረተ ቀዩ ጭላዳ ደግሞ በመቶ እየሆነ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ ከዝንጀሮ ወገን እንዲህ ሣር በል ሆኖ የቀረ ሌላ የለም። አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም አለ። ቪዲዮ ለመቅረጽ ትዕግሥት ካላችሁ እሱን ጠብቁት።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ መጀመሪያ የመንገዱን ጸጥታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽ/ቤት አጣሩ፤ የፓርኩ መግቢያም እዚያው ይከፈላል፣ ስካውትም እዚያው ይመደብላችኋል። ዋልያ ለማየት የተሻለው ጨነቅ ካምፕ ነው፣ በጠዋት። መስከረምና ጥቅምት አረንጓዴ ነው፣ ከኅዳር በኋላ ሰማዩ ይጠራል ግን ብርዱ አይጣል ነው፣ ጃኬት ያዙ። ለጭላዳ ብስኩት አትወርውሩ፤ ከለመደ የሰው ቦርሳ መቀማት ይጀምራል።