ከአሞሌ እስከ ሞንታርቦ፦ በዋግ ገበያ ሻጭ የሚጣራበት ሥርዓት

ዛሬ በዋግ በአምደወርቅ የሠርግ ሙዚቃ የሚያከራይ ወጣት ወይም ለጉባኤ ድምፅ ማጉያ የሚፈልግ ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለገለ ሞንታርቦ መግዛት ቢያምረው፣ ዕቃው ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው። የሚያየው በቴሌግራም የተለቀቀ ፎቶ ነው፤ ከፎቶው ሥር ዋጋና ስልክ ቁጥር አለ፣ ሲደውል ደግሞ «ሌላ ገዢ እየመጣ ስለሆነ ቀብድ አስገባ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ገንዘቡ ተልኮ ስልኩ ሲጠፋ የሚሰማው ሐዘን በአብዛኛው በአንድ አባባል ይደመደማል፤ «ዱሮ ሰው ይታመን ነበር» ይባላል። ይህ አባባል ትክክል አይመስለኝም። የዋግ የገበያ ታሪክ የሚያሳየው ሰው ዱሮም ያታልል እንደነበር ነው። ገበያው የቆመው በሻጭ ደግነት ላይ ሳይሆን፣ የአንዱ እጅ ከሌላው ቀድሞ ባዶ እንዳይሆን በሚያደርግ ሥርዓት ላይ ነበር። ስለዚህ አጠራጣሪ ሻጭ የሚለየው ከዚያ ሥርዓት የትኛውን እንድንዘል እንደሚለምነን በማየት ነው፤ አነጋገሩና መልኩ ብዙ አይነግሩንም።

የዋጓ ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌ የሚባለው ጨው የሚቆረጠው ከባሕር ጠለል በታች ካለው የአፋር የጨው ሜዳ ነው። በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የትግራይን ዳገት ወጥቶ ዋግ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያ ወዲያ ይሻገር ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንድ ነገር ልብ ብሎ ጽፏል፤ ጨው ገንዘብ ሆኖ ያገለግላል፣ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይወደዳል። ይህ ለገዢ ትልቅ መለኪያ ነው። መንገዱ፣ ቀረጡና የጭነቱ ድካም ስለሚታወቅ አሞሌ ሰቆጣ ሲደርስ በግምት ስንት ሊያወጣ እንደሚገባ ገበያተኛው ሁሉ ያውቀው ነበር። ከሜዳው ዋጋ ዝቅ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ ወይ ጨዉ ረጥቧል፣ ወይ ተሸራርፏል፣ ወይ የራሱ አይደለም። ርካሽ ዋጋ ብቻውን ወንጀል ባይሆንም ምክንያቱ መነገር አለበት፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ደግሞ ሻጩ ነው።

ማታለሉስ እንዴት ነበር? አሞሌ እንደ ሞረድ ረዘም ብሎ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ የጨው ቁራጭ ነው፤ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል። ገንዘብም ምግብም ስለነበረ ጫፉን ሸርፎ ወጥ ማጣፈጥና የቀረውን እንደ ሙሉ ማስተላለፍ ቀላል ነበር፤ ዝናብም ሲነካው ያልቃል። ስለዚህ የተሸረፈ ወይም የተሰነጠቀ አሞሌ ዋጋው ይወርድ፣ ተቀባዩም እያገላበጠ ያይ ነበር። የማርያ ትሬዛ ብርም ከዚህ አላመለጠም። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 እ.ኤ.አ. ዓመት ምልክት ለረጅም ዘመን ሲመታ የኖረው ይህ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። የሀገራችን ተቀባይ ግን ክብደቱን ብቻ አምኖ አልተቀበለም፤ የራሷን ጌጥና የትከሻዋን ጌጥ፣ በዙሪያው ያሉትን የሉል ፍሬዎች አንድ በአንድ ያይ ነበር። ያረጀውንና የተፋቀውን ይመልሳል። ጣሊያን በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ያስመታችው ተመሳሳይ ብር በላዩ ያለችው ሴት ከዋናዋ ስለተለየች ገበያው ሳይቀበለው ቀረ። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር የአንድን መንግሥት ገንዘብ በዓይኑ መርምሮ መመለሱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ያ ሰው አጭበርባሪ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ጠባቂው ደግሞ ዕቃውን በእጁ ይዞ፣ በብርሃን፣ በሰው ፊት፣ ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት ማየቱ ነው።

በዓይን የማይጣራ ነገር ግን አለ። በሬው ጤነኛ ሆኖ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ የበቅሎ ዕድሜ ከጥርሷ ይታያል፣ የባለቤቷ ማንነት ግን ከየትም አይታይም። ለዚህ የነበረው መልስ ዋስ ነው። ሻጭ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ የሚጠየቅ፣ አገር የሚያውቀው ሰው ይጠራል፤ ዋስ መጥራት ያቃተው ከብቱን ይዞ ይመለሳል። የቅፍለት ነጋዴዎችም አለቃ ነበራቸው፤ ነጋድራሱ ቀረጥ ከመቆጣጠሩ በላይ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ይሰማ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ መሸጥና መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ይህ ሁሉ ሲደመር ሻጭ ሸጦ ከሄደ በኋላም የሚገኝበት ቦታ ነበረው ማለት ነው።

አንድ አንባቢ ይህ የሚሠራው ሰው በሰው ለሚታወቅበት ትንሽ ገበያ እንጂ ለማይተዋወቁ አይደለም ሊል ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ማስረጃ በጣም ከጥንት አለን። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ግብፃዊው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል በየሁለት ዓመቱ ወርቅ የሚገዙ ሰዎችን ሳሱ ወደሚባል አገር ይልክ እንደነበር ይነግረናል። ብዙ ነጋዴዎችም አብረው ይሄዳሉ፤ ቁጥራቸው ከ500 ይበልጣል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይደርሱና በእሾህ አጥር ውስጥ ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ የወርቅ ፍሬ አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ዕቃው መጥቶ ወርቁ ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ያኛው ዕቃውን ይወስዳል። ካልበቃው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ባለ ወርቁ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ሳሱ የት እንደነበረች ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ የእኔ ነጥብ ግን ሥርዓቱ ነው። ቋንቋ የለም፣ ዝምድና የለም፣ ዋስ የለም። ሁለቱም ዋጋዎች ግን እኩል ይታያሉ፣ ሁለቱ እስኪስማሙም ማንም ምንም አያነሣም። ስለዚህ ትውውቅ ባይኖርም ንግድ ይቻላል፤ የማይቻለው አንዱ ወርቁን ሰጥቶ ጨዉ በኋላ ይመጣል ተብሎ ሲጠብቅ ነው። የዛሬው የቀብድ ልመና የሚያፈርሰው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ከዚያው ታሪካችን የምንማረው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸኛው የሚያስጠነቅቅ ነው። ሌባ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ በየመንደሩ እየተንደረደረ ከአንድ ቤት ገብቶ ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት የጠፋውን ዕቃ ክፈል ይባላል። ምስክር የለም፣ ማስረጃ የለም፤ ልጁ መውደቁ ይበቃል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ንብረቱን እንዳጣ ማሰብ ያሳዝናል። ከዚህ የተሻለው አውጫጭኝ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እየተጠየቀ ይናገራል። እርግጥ እሱም ሰውን ከእርሻው እያስተጓጎለ ያንገላታ ነበር፤ ቢሆንም የሚጠየቀው የታየና የተሰማ ነገር ነው። በኢንተርኔት ሻጭን በአነጋገሩ፣ በዘዬው፣ በብሔሩ ወይም በመገለጫ ፎቶው የሚጠረጥር ሰው የሌባሻዩን መንገድ እየተከተለ ነው። አጭበርባሪው ይህን ያውቃል፤ ትሑት ቃል፣ የመስቀል ወይም የመስጊድ ፎቶ ያስቀድማል። ደረቅ ቃል የሚናገረው ሐቀኛ ሻጭ ተጠርጥሮ ሲቀር ለስላሳው ይታመናል።

እንግዲህ ጥርጣሬው በዕቃውና በሥርዓቱ ላይ ይሁን። ያገለገለ የድምፅ ዕቃ ራሱ ብዙ ይናገራል። ስፒከሩ ላይ ሁለቱን መዳፎች ጠፍጠፍ አድርጎ ኮኑን በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት መፋቅ የሚመስል ድምፅ ካለ መጠምጠሚያው ተጣሟል ወይም ተቃጥሏል። የኮኑ ዳር ዳር ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል፤ በፎቶ ላይታይ ይችላል፣ በጣት ሲነኩት ግን ይታወቃል። አምፕሊፋየሩ ምንም ሳይሰካበት ተከፍቶ ድምፁ ሲጨመር ከባድ እምምታ ካሰማ ወይም ማዞሪያው ሲነካ ከተንጫጫ ጉድለት አለበት፤ የብሎኖቹ ራስ ከተላላጠ ደግሞ ዕቃው ተፈትቶ ሳያውቅ አይቀርም። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ማየት ግድ ነው፤ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራው በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። የሲሪያል ቁጥሩ ሰሌዳ ከተፋቀ፣ ሳጥኑ ላይ የአዳራሽ ወይም የቤተ ክርስቲያን ስም ተጽፎ በቀለም ከተሸፈነ ግን ጥያቄው ከጥራት አልፎ ወደ ባለቤትነት ይሄዳል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በወንጀል ሕጋችን ራሱ ተጠያቂ ነው። እነዚህን ሁሉ ለማየት የሚፈቅድ ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚደብቀው የለውም። «ሰካው፣ ድምፁን በቪዲዮ አሳየኝ፣ የጀርባውን ሰሌዳ አንሣልኝ» ሲባል የሚቆጣ፣ የሚያቻኩል፣ ገንዘቡን ከራሱ ስም ውጭ በሌላ ሰው ቁጥር እንዲላክ የሚጠይቅ ግን ከዱሮው ገበያ ዋስ አጥቶ ከብቱን ይዞ ከሚመለሰው ሰው አይለይም።

ከባዱ ተቃውሞ የርቀቱ ነው። የዋግ ሰው ለአንድ ሞንታርቦ ብሎ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ አይችልም፤ የመንገዱ ወጪ ዕቃውን ያክላል። ሻጩም ቢሆን ችግር አጣድፎት በርካሽ የሚሸጥ ምስኪን ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ዕቃውን ወስዶ ሳይከፍል ይቀራል ብሎ የመፍራትም መብት አለው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ችግር ዋጋን ያወርዳል እንጂ ዕቃን ከማሳየት አይከለክልም። ርቀቱም ቢሆን ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሞሌ ቅፍለት ከአፋር ሜዳ በእግር እየተጓዘ ነበር ሰቆጣ የሚደርሰው። ከዋግ ወጥቶ አዲስ አበባ የሚኖር ወንድም፣ የአክስት ልጅ ወይም የአገር ልጅ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ እሱ ከአንድ ጠጋኝ ጋር ሄዶ ሰክቶ ሰምቶ፣ እዚያው ቆሞ ቢከፍልና ዕቃውን ከመናኸሪያ ቢጭነው የኮስማስ ነጋዴዎች ሥርዓት ተጠበቀ ማለት ነው፤ ሁለቱም ዋጋዎች በአንድ ቦታ ታይተዋል። ለጠጋኙ የሚሰጠው አበል ከሚጠፋው ቀብድ ሲተያይ ኢምንት ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በቅጽበት ይሄዳል፤ በዚያው ፍጥነት የሚመለስ ግን አይደለም። በኤሌክትሮኒክስ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ስላለው የተጻጻፉትን አለማጥፋት ይጠቅማል፤ ቢሆንም ማስረጃው ሰውየውን ፈልጎ አያመጣም።

ዋናው ጉድለት ያለው ደላላው ዘንድ ይመስለኛል። በየቻናሉ ማስታወቂያ ለጥፎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በዱሮው ገበያ የዋሱን ወይም የነጋድራሱን ቦታ ይዟል፤ ኃላፊነቱን ግን አልያዘም። ሻጩ ሲጠፋ «እኔ ያስተዋወቅሁት ብቻ ነው» ይላል። ኮሚሽን የሚበላ ሁሉ የሻጩን መታወቂያ ይያዝ፣ ዕቃው የሻጩ መሆኑን ይጠይቅ፣ ጥያቄ ሲነሣ ሰውየውን ያቅርብ። እስከዚያው ድረስ ለዋግ ገዢዎች የምለው አንድ ነው፤ ዕቃው ተሰክቶ ድምፁ ሳይሰማ፣ የታወቀ ሰው ዋስ ሳይቆም፣ ማንም ይሁን ማን ቀብድ አትላኩ።