ከገሱባ የዘመተ ወጣት ደብዳቤ እንዴት ይነበባል?

በጦር ሜዳ የወደቀን ወጣት ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ማስታወስ በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። የፍራይቡርግ ፕሮፌሰር የነበረው ፊሊፕ ቪትኮፕ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሰለፉትን የጀርመን ተማሪዎች ደብዳቤ ሰብስቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1916 ጀምሮ አሳትሟል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ መሠረት፥ ወታደሩ ብቻውን ተቀምጦ የልቡን ይጽፋልና ደብዳቤውን ያነበበ ሰውየውን አገኘው የሚል ነው። እኔም በውጭ አገር ስማር የተቀበልሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ በወላይታ፥ ለምሳሌ በኦፋ ወረዳ በገሱባ፥ ሲፈተን ጸንቶ አይቆምም።

አስቀድመን ዘመኑን እንወስን። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ዜጎች ላይ የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ግዴታ ጣለ። ያን ጊዜ ወላይታ ከሲዳሞ ክፍለ አገር አውራጃዎች አንዱ ነበር፤ ልጆቹም እንደ ሌላው አገር ልጆች ሁሉ ወደ ሰሜን ዘመቱ። በመጋቢት 1980 አፍአበት፥ በየካቲት 1982 ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጡ፤ በግንቦት 1983 ጦርነቱ አበቃ።

ከአዋጁ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፥ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም.፥ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። በኋላ 15 በደረሱ ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ሲያስተምር ወላይትኛ አንዱ ነበር። ስለዚህ የዚያ ትውልድ ወታደር ሁለት መንገድ ነበረው፤ በሠራዊቱ ቋንቋ በአማርኛ መጻፍ ወይም ማጻፍ፥ አለዚያም በእናቱ ቋንቋ መጻፍ።

አማርኛውን የመረጠ እንደ ሆነ፥ «እንዴት ሰንብተሻል፤ እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» የሚለው የታወቀ ቃል ይቀድማል። ጀማሪ ተመራማሪ ይህን ባዶ ልማድ ነው ብሎ ይዘለዋል፤ ይህም ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለው የሰላምታ ዝርዝር፥ ማን እንደ ቀደመ፥ ማን እንደ ተከተለ፥ ማንስ እንደ ተዘለለ ሲመረመር ወጣቱ ራሱ ያቆመው የዝምድና መዝገብ ነው። «ዝናቡ እንዴት ነው» የሚለውም ጥያቄ በ1976 ወይም በ1977 የተጻፈ ከሆነ የወግ ቃል አይደለም፤ ያን ጊዜ ረኀብ ወላይታን መትቶ ነበርና።

ማንበብ ለማትችል እናት ደብዳቤ የሚሰማ ነገር ነው። ከጎረቤት የተጠራ ተማሪ አማርኛውን እያየ በወላይትኛ ይነግራታል፤ የሚያስደነግጠውን ሊያለዝበው፥ የቀዘቀዘውን ሊያሞቀው ይችላል። እናቲቱ የልጄ ቃል ነው ብላ የምትይዘው ከዚያ ተማሪ አፍ የሰማችውን ነው። እንግዲህ ወረቀቱ የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው።

በወላይትኛ የተጻፈውም የራሱ ችግር አለበት። በወላይትኛ የድምፅ መርዘምና የፊደል መጥበቅ የቃልን ፍቺ ይለያሉ፤ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ይህን አያሳይም። ከ1983 ለውጥ በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ሆነ። የዛሬው ልጅ ፊደሉን ከአማርኛ ትምህርቱ ያውቀዋል፤ የአጎቱን ቃል አቃንቶ ለመጥራት ግን የሽማግሌ ጆሮ ያስፈልገዋል።

ነገሩ የምርምር ብቻ አይደለም። በአገራችን ልማድ መርዶ በሰው አፍ፥ በማለዳ፥ ዘመድና ጎረቤት ባለበት ይነገራል። በዚያ ጦርነት ግን መርዶ በጊዜው ያልደረሰባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። በእንዲህ ያለው ቤት ደብዳቤው «ደኅና ነኝ» እንዳለ ይኖራል፤ መርዶ የሚሆነው ሌላ ደብዳቤ አለመምጣቱ ነው። የታሪክ ጸሐፊም የመጨረሻውን ደብዳቤ ቀን የሞት ቀን አድርጎ እንዳይመዘግብ ይጠንቀቅ፤ በዝምታ ያለፉት ወራት ቤተ ሰቡ በተስፋ የኖረባቸው ናቸውና።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያገኙ ለመገልበጥ ከመቸኮላቸው በፊት፥ ማን አነበበው? በምን ቋንቋ? ስንት ጊዜ? ብለው ይጠይቁ። ከተቻለም ያው የቀድሞው አንባቢ በቤተ ሰቡ ፊት ደግሞ ያንብበውና ድምፁ ይቀረጽ፤ ወረቀቱም ከቤቱ አይውጣ። ያን ጊዜ ደብዳቤ አንባቢ የነበሩት ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወደ እርጅና ተጠግተዋል። ወረቀት በሣጥን ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ አንባቢው ግን ካለፈ ወጣቱ ለእናቱ የተናገረበት ድምፅ አብሮት ያልፋል።