ዘ ዌል

ዘ ዌል በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳውሳሊቶ ከተማ የተመሠረተ በኮምፒዩተር የመወያያ ማኅበረሰብ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው መጋቢት 23 ቀን 1977 ዓ.ም. (ኤፕሪል 1 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በዓለም ላይ ሳይቋረጡ ረጅም ዘመን ከቆዩት የዚህ ዓይነት ማኅበረሰቦች አንዱ ነው። ስያሜው «ሆል ኧርዝ ሌክትሮኒክ ሊንክ» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «የውሃ ጉድጓድ» የሚል ትርጉምም አለው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘ ዌል በአባላት ብዛት ትልቅ ሆኖ አያውቅም። ታዋቂ ያደረገው በጽሑፍ የተዋወቁ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራና ስለ ቤት ጉዳይ ምክር የሚለዋወጡበት፣ እየተጫወቱና እየተቀላለዱ የሚውሉበት ቦታ መሆኑ ነው። «ምናባዊ ማኅበረሰብ» የሚለው አገላለጽ በሰፊው የተለመደው ከአባላቱ አንዱ የሆነው ጸሐፊ ሃዋርድ ራይንጎልድ ስለዚሁ ቦታ ከጻፈ በኋላ ነው።

አመሠራረት

የዘ ዌል መሥራቾች ስቱዋርት ብራንድና ላሪ ብሪልያንት ናቸው። ብራንድ ከ1968 ጀምሮ መታተም የጀመረው «ሆል ኧርዝ ካታሎግ» አዘጋጅ ነበር። ይህ መጽሐፍ ከከተማ ወጥተው በጋራ ለመኖር የሚፈልጉ ወጣቶች መሣሪያና መጻሕፍት የሚመርጡበት መመሪያ ነበር። ብሪልያንት ደግሞ በ1970ዎቹ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ ፈንጣጣን ከሕንድ ለማጥፋት የሠራ ሐኪም ሲሆን፣ በኋላ የኮምፒዩተር መወያያ ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ አቋቁሟል። በስምምነታቸው መሠረት የብሪልያንት ኩባንያ ኮምፒዩተሩንና ፒኮስፓን የተባለውን ሶፍትዌር ሲያቀርብ፣ ብራንድ በበኩሉ በካታሎጉ ዙሪያ የተሰባሰቡትን ሰዎችና ስሙን ይዞ መጣ።

ክፍያው በወር 8 ዶላር፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ ሰዓት 2 ዶላር ነበር። ይህ በጊዜው ከነበሩት የንግድ አገልግሎቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ለጋዜጠኞች ነፃ መግቢያ ይሰጣቸው ስለነበር፣ ማኅበረሰቡ ከቁጥሩ በላይ ዝና እንዲያገኝ ረድቶታል።

የመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች ማቲው ማክሉር፣ ክሊፍ ፊጋሎና ጆን ኮት በቴነሲ ግዛት «ዘ ፋርም» በተባለው የጋራ መኖሪያ መንደር ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆነው አልተቀጠሩም። ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ መኖርና ጠብን ማብረድ ግን በኑሮ የተማሩት ነገር ነበር። ኮት በኋላ በጻፈው ጽሑፍ ሥራውን ከእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤት ሥራ ጋር አመሳስሎታል።

አሠራር

አንድ አባል በሞደም አማካይነት በስልክ ደውሎ ከዘ ዌል ኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል። በማያ ገጹ ላይ ፎቶግራፍም ሆነ ድምፅ አልነበረም፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነበር። ውይይቱ «ጉባኤ» በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጉባኤ በውስጡ ብዙ ርዕሶችን ይይዛል። ስለ ወላጅነት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዜና፣ ስለ ሙዚቃና ስለ ሌሎችም ጉዳዮች ጉባኤዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጉባኤ «አስተናጋጅ» የሚባል ሰው ነበረው። የአስተናጋጁ ድርሻ አዲስ ሰው መቀበል፣ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝ ማድረግና ክርክር ሲከር ማብረድ ነበር።

አባላቱ በአንድ ሰዓት መገኘት አይጠበቅባቸውም። አንዱ ማታ የጻፈውን ሌላው በማግስቱ ጠዋት አንብቦ ይመልሳል። በዚህ ምክንያት አንድ ርዕስ ለወራትና ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ውጭ የሚደውል ሰው ተጨማሪ የስልክ ወጪ ስለሚኖርበት፣ አብዛኞቹ አባላት የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ። ይህም በአካል ለመገናኘት አመቻቸው። ከ1986 ጀምሮ በሳውሳሊቶው ቢሮ በየወሩ ግብዣ ይደረግ ነበር፤ በጽሑፍ ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎችም እዚያ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ዘ ዌል ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው በ1992 ነው።

የስምና የቃል ደንብ

ዘ ዌል በሁለት ደንቦች ይታወቃል። የመጀመሪያው፣ ማንም አባል ማንነቱን ሸሽጎ አለመጻፉ ነው። አባሉ ለጨዋታ ያህል የፈለገውን ቅጽል ስም ከጽሑፉ በላይ ማኖር ይችላል፤ እውነተኛ ስሙን ግን ማንኛውም አባል ማየት ይችላል። ስም ሳይታወቅ የሚጻፍበት ጉባኤ ለአጭር ጊዜ ተሞክሮ፣ ወዲያው በስድብና በመጠራጠር ስለተሞላ ተዘግቷል።

ሁለተኛው ደንብ ብራንድ ያወጣው «የቃላችሁ ባለቤቶች እናንተው ናችሁ» የሚለው ነው። ደንቡ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ለተጻፈው ነገር ተጠያቂው ድርጅቱ ሳይሆን ጸሐፊው ነው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ካልፈቀደ ማንም ሰው ጽሑፉን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ማተም አይችልም። ጸሐፊው የገዛ ጽሑፉን መሰረዝም ይችላል፤ በቦታው የሚቀረው ጽሑፍ መሰረዙን የሚያሳይ ምልክት ብቻ ነው።

የዕለት ተዕለት ምክር

በአባላቱ መካከል የነበረውን የምክር ልውውጥ ለማስረዳት በብዛት የሚጠቀሰው ራይንጎልድ የተረከው የ1986 ገጠመኝ ነው። የሁለት ዓመት ሴት ልጁ ራስ ላይ መዥገር ተጣብቆ ተገኘ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ስለነበር ባለቤቱ ወደ ሕፃናት ሐኪም ቢሮ ደውላ መልስ መጠበቅ ጀመረች። እሱ ደግሞ ወደ ዘ ዌል ገብቶ ጥያቄውን ጻፈ። በደቂቃዎች ውስጥ አባል የሆነ አንድ ሐኪም መለሰለት። ከሐኪሙ ቢሮ ስልክ ሲደወል መዥገሩ ተነቅሎ አልቆ ነበር። ራይንጎልድ እንደጻፈው ያስገረመው የመልሱ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ከወላጆች፣ ከነርሶች፣ ከአዋላጆችና ከሐኪሞች መካከል በማንኛውም ሰዓት የሚያናግረው ሰው እንዳለ ማወቁ የሰጠው የልብ ዕረፍት ጭምር ነበር።

በዜና ጉባኤ ውስጥ «የዘ ዌል አዋቂዎች» የሚል መንፈስ ያለው ርዕስ ነበር። እዚያ ማንም ሰው ጥያቄ ያቀርባል፤ የሚያውቅ ይመልሳል። ጥያቄዎቹ ከተራ ነገር እስከ ሙያ ጉዳይ ይደርሱ ነበር። ለመልሱ ክፍያ የለም፤ የመለሰው ሰው ግን ነገ በተራው ጠያቂ ይሆናል።

ጨዋታና መቀላለድ

አብዛኛው ጽሑፍ ለቁም ነገር የተጻፈ አልነበረም። አባላት ይተራረባሉ፣ የዕለት ውሏቸውን ያወራሉ፣ የቆየ ቀልድ ያነሣሉ። በጽሑፍ ብቻ በሚተዋወቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ጨዋታ መልክ የመተዋወቅን ያህል ጥቅም ነበረው። ማን ቁጡ እንደሆነ፣ ማን ማጋነን እንደሚወድ፣ ማን ጉዳዩን ሳያውቅ እንደማይናገር የሚለየው በዚያ ነው። አንድ ሰው ችግር ሲገጥመው የማንን ምክር እንደሚሰማ የሚያውቀውም ቀድሞ አብሮ በመጫወቱ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ጨዋታ የሚደራባቸው የ«ግሬትፉል ዴድ» የሙዚቃ ባንድ አድናቂዎች ነበሩ። ጉባኤያቸው በ1986 ከተከፈተ በኋላ ስለ ሙዚቃ ድግሶችና ስለ ቅጂ ልውውጥ ረጅም ሰዓት ስለሚያወሩ፣ የሚከፍሉት የሰዓት ሂሳብ ለድርጅቱ ዋና የገቢ ምንጭ ሆኖ ነበር።

መረዳዳት

ልማዳዊው ጨዋታ በችግር ጊዜ ወደ ተግባር የተለወጠባቸው አጋጣሚዎች አሉ። አንድ አባት ልጁ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) እንደያዘው ባስታወቀ ጊዜ በወላጆች ጉባኤ ለብቻው ርዕስ ተከፍቶ፣ አባላት ከሕክምናው መረጃ ጀምሮ እስከ ማጽናኛ ድረስ ይጽፉለት ነበር። አንዲት አባል በእስያ ስትጓዝ ኒው ዴልሂ ውስጥ በጉበት በሽታ በጠና በታመመች ጊዜ ደግሞ አባላቱ ሐኪሞችን አፈላልገው ገንዘብ አዋጥተዋል። የሕግ ባለሙያው ማይክ ጎድዊን ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር መጻሕፍቱ በእሳት ሲወድሙበት፣ አባላት በፖስታ መጻሕፍት ልከውለታል።

ሕመምና ሞት

ቶም ማንደል ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከብዙ ጸሐፊዎች አንዱ የነበረ፣ በቀልዱም በጠበኝነቱም የሚታወቅ አባል ነው። በሙያው ስለ መጪው ጊዜ የሚያጠና ተመራማሪ ነበር። በጤና ጉባኤ ውስጥ አባላት ስለ ሰሞኑ ጉንፋንና ሳል የሚያወሩበት ርዕስ ነበር። ማንደል በ1994 መጨረሻ እዚያ ስለማይለቅ ሳሉ ጻፈ፤ ሌሎቹም እንደ ልማዳቸው ምክር ሰጡት። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ የሳንባ ካንሰር መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የሕመሙን ሂደት ለአባላቱ መጻፉን ቀጠለ፤ በመጨረሻም የስንብት ቃሉን እዚያው ጻፈ። በኤፕሪል 1995 ሲሞት ለዓመታት የተከራከሩት ሰዎች ጭምር ኀዘናቸውን ገልጸዋል።

ከዚያ ቀደም በ1990 አንድ ነባር አባል ለዓመታት የጻፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰርዞ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በገዛ እጁ ሕይወቱ አልፏል። የእሱ ቃል በመጥፋቱ የሌሎቹም ጨዋታ በየቦታው ተቆራርጦ ቀረ። ክስተቱ «ቃሉ የጸሐፊው ነው» የሚለው ደንብ ላይ ክርክር አስነሥቷል፤ ጥያቄው ብዙ ሰዎች አብረው የሠሩት ውይይት የማን ነው የሚል ነበር።

ጥናቶችና ትችቶች

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማሪ የነበረው ማርክ ስሚዝ በ1992 ባቀረበው ጥናት፣ አባላቱን የሚያስተሳስሩ ሦስት የጋራ ሀብቶችን ለይቷል። እነሱም የትውውቅ መረብ፣ እውቀትና ኅብረት ናቸው። ራይንጎልድ በ1993 ባሳተመው «ዘ ቨርቹዋል ኮሚዩኒቲ» መጽሐፉ ይህን ተቀብሎ፣ ዘ ዌልን ሬይ ኦልደንበርግ «ሦስተኛ ቦታ» ካለው ጋር አነጻጽሮታል። ኦልደንበርግ በ1989 መጽሐፉ በዚህ ስም የጠራው ከቤትና ከሥራ ውጭ ሰዎች ለጨዋታ የሚሰበሰቡባቸውን እንደ ቡና ቤት ያሉ ቦታዎች ነው።

የታሪክ ጸሐፊው ፍሬድ ተርነር በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ የተለየ ገጽታ አሳይቷል። እንደ እሱ ትንታኔ፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ በግላቸው የሚሠሩ ጸሐፊዎች፣ አማካሪዎችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ነበሩ። ለእነሱ በነፃ የሚሰጥ ምክር ወዳጅነት ከማፍራቱ ጎን ለጎን ስምና የሥራ ዕድል ያስገኝ ነበር። ማኅበረሰቡ በአብዛኛው የተማሩ፣ ነጭና ወንድ አሜሪካውያን የበዙበት መሆኑም ከትችቶቹ አንዱ ነው።

የባለቤትነት ለውጥ

በ1994 የሮክፖርት ጫማ ኩባንያ መሥራች ብሩስ ካትዝ ዘ ዌልን ገዛው። ለማስፋፋት የነበረው ዕቅድ ነባር አባላትን ስላላስደሰተ፣ ከፊሎቹ ወጥተው «ዘ ሪቨር» የተባለ በአባላት የሚተዳደር ሌላ መወያያ አቋቋሙ። በ1999 ሳሎን የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ዘ ዌልን ገዛው። በ2012 ደግሞ ራሳቸው አባላቱ ባቋቋሙት ኩባንያ አማካይነት ከሳሎን ገዙት። በዚያን ጊዜ የአባላቱ ቁጥር ከ3,000 በታች ነበር፤ ከእነሱም መካከል ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚጻጻፉ ይገኙበታል።

ተጽዕኖ

በ1990 የ«ግሬትፉል ዴድ» ግጥም ጸሐፊ ጆን ፔሪ ባርሎው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ መርማሪ ቤቱ ድረስ መጥቶ እንዳነጋገረው በዘ ዌል ላይ ጻፈ። ተመሳሳይ ነገር የገጠመው የሶፍትዌር ነጋዴው ሚች ኬፖር ይህን አንብቦ ባርሎውን ሊያገኘው ሄደ። ሁለቱ ከጆን ጊልሞር ጋር በዚያው ዓመት በኢንተርኔት ላይ የዜጎችን መብት የሚያስከብረውን የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን መሠረቱ። በ1995 ክሬግስሊስትን የጀመረው ክሬግ ኒውማርክም ሐሳቡ የተነሣው ሰዎች በዘ ዌል ላይ እርስ በርስ ሲረዳዱ በማየቱ እንደሆነ ተናግሯል።